አይጠብቅም

ረቡዕ ከቀትር በኋላ የክሊኒኩ ሾፌር ሞተር ሳይክሉን ከፒክአፑ አወረደና ሐምራዊዋን የሥራ ካርድ ለልጅቷ አስጨብጧት ሄደ። እሷ ካርዷን ወዲያው አላነበበቻትም። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ጎማዎች እስከ ጣሪያ ወደተደረደሩበት ጠባብ መተላለፊያ ገባች። እጇን በጨርቅ ጠረገች። አባቷ ኮምፕሬሰሩ ላይ ማጎንበሳቸውን አረጋገጠች። ከዚያ ካርዷን ገለበጠቻት።

ጥያቄዋን በእርሳስ ከጻፈችበት ቦታ ሥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«አይጠብቅም።»

ክው አለች። ደግማ አየቻት፤ ሦስተኛም አየቻት፤ ብታያት ብታያት ያችው ናት። ሰላምታ የላት፣ ይቅርታ የላት፣ ምክንያት የላት። ጥግ ላይ ስድስት ቁጥር ተጽፋለች፤ ቀኑ መሆኑ ነው፤ ወሩ ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሰው ቀን ይጽፋል? እንደ መድኃኒት ማዘዣ?

ጥያቄዋን ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባታል። «ሠራተኛዋ ለሁለት ዓመት ትምህርት ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው። ደንበኛው ይጠብቃል?» የሚል ነበር። በእርሳስ የጻፈችውም ብትጸጸት እንዲጠፋላት ብላ ነው።

«ዶክተሩ ምን ጻፈ?» አሉ አባቷ ከወዲያ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም የለውም፣ አባባ። ደህና ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያቺ «ምንም» እንባ ለመሸፈን የወጣች ቃል ነበረች፤ ማንንም ለመጉዳት አልነበረም። አባቷ ግን የልጃቸውን ቃል ከገዛ ዐይናቸው አብልጠው የሚያምኑ ሰው ናቸው። የጎማውን ንፋስ ለኩና ሞተሩን ጥግ አስያዙት። እሷም ካርዷን መሳቢያ ውስጥ በፊቷ ደፋቻት። ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ አንድ ባለ ታክሲ የተበሳ ጎማ አቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

* * *

ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው።

አባቷ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ጎሚስታ ናቸው። ሱቃቸው በመስታወት ቆራጭና በቀለም መሸጫ መሀል የተሰነቀረ ሲሆን፣ ከሩቅ የሚታወቀው በየሩብ ሰዓቱ በሚያስነጥሰው ኮምፕሬሰር ነው። ልጅቱ ቋንቋ ተምራ ተመርቃለች። ሥራ እስኪሳካላት ብላ ባንኮኒውን ያዘች፤ እስኪሳካላት ሦስት ዓመት አለፈ። ደንበኞች «ዲግሪ» ይሏታል። «ዲግሪ፣ እስቲ ይቺን ንፋስ ሙዪልኝ!» እሷም ዝም ብላ ትሞላለች። ዝም ማለት ተፈጥሮዋ ነው።

ከአምስት ሳምንት በፊት አንድ ረጅም ሰው ሞተሩን እየገፋ ገባ። ጫማው ነጭ፣ እጁ የክሊኒክ ሳሙና የሚሸት።

«ልሙጥ ጎማ እፈልጋለሁ» አለ። «ውድድር የሚነዱት የሚያስገጥሙትን። ጥርስ የሌለውን።»

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉ አባቷ።

«የጥርስ ሐኪም ነኝ።»

አባቷ የተደራረቡት ጎማዎች ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። «ጥርስ ሲተክል የሚውል ሰው፣ ጥርስ አልባ ጎማ ሊገዛ መጣ!»

እሷም ሳቀች፤ ቶሎ ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች። እሱ ግን አይቷታል።

«የውድድር ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ነድተዋል?» አለችው፣ ሳቋን ለማስረሳት።

«አንድም ጊዜ። በሚቀጥለው ወር የጀማሪዎች ቀን አለ። ጓደኞቼ ልሙጡን ግዛ አሉኝ፤ የጎማ ብርድ ልብስም ያውሱኛል።»

«የምን?» አሉ አባቷ።

«ብርድ ልብስ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፤ ከመነሳት በፊት ጎማውን ያሞቃል።»

«ትራስስ አይፈልግም?»

ልጅቱ አሁን አልሳቀችም። ጎማ ላይ ሲመጣ ዓይናፋርነቷ ትንሽ ይለቃታል። «ልሙጡ መጥፎ ሆኖ አይደለም» አለች። «የሚይዘው ሲግል ነው። ብርድ ልብሱ ያሞቀዋል፤ ሙቀቱን የሚያቆየው ግን ነጂው ነው፣ በፍጥነቱና በፍሬኑ። ጀማሪ ደግሞ ይፈራል። መፍራቱም ደግ ነው። እርስዎ ሲፈሩ ጎማው ይበርዳል፤ ሲበርድ ሳሙና ይሆናል። ሳያስጠነቅቅ ነው የሚጥልዎ።»

ከመደርደሪያው አንድ ጎማ አወረደችና መሬት ላይ አነጠረችው። «ይሄኛው ለመንገድም ለሜዳም ይሆናል። መሀሉ ጠንካራ ነው፤ የሚያዘነብሉበት ጎንና ጎኑ ለስላሳ። ቶሎ ይሞቃል። ሊያንሸራትት ሲልም አስቀድሞ ይናገራል።»

«ጎማ ይናገራል?»

«ለሚሰማው።»

 እሱ የራሱን ጎማ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ። «ይሄስ ታዲያ ምን ሆነ? ጥርሱ እኮ ሙሉ ነው።»

ተንበርክካ የጎማውን ጎን በአውራ ጣቷ ጠረገች። ከአቧራው ሥር አራት ቁጥሮች ወጡ። «የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።» ጥፍሯን ሰካችበት፤ ጎማው እንደ ድንጋይ ነው፤ አልገባም። «ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ድዱ ግን ሞቷል።»

ሐኪሙ ቀና አለ። ይህንኑ ቃል በየቀኑ ለሰው ሲናገር ይውላል፤ መልሶ ለሱ የተናገረው ሰው ግን አልነበረም። እዚያች ቅጽበት ላይ ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ፤ የንፋስ መሙያው ቱቦ ከእጇ አምልጦ እንደ እባብ እስኪያፏጭባት ድረስ ልታነሳው ትዝ አላላትም።

ልሙጡን አልሸጠችለትም። የመረጠችለትን ጎማ አዘዘ፤ እስኪመጣ ድረስም ምክንያት እየፈለገ ይመላለስ ጀመር። ዛሬ ለሰንሰለቱ፣ ነገ ለፍሬኑ፣ ከነገ ወዲያ «ንፋስ የቀነሰ መሰለኝ» ብሎ። በመጣ ቁጥር የሥራ ካርድ ይጻፋል። ካርዷን ያዘጋጀቻት እሷ ናት፤ በፊቷ ስድስት የፍተሻ ጥያቄዎች፣ ጀርባዋ ለመልስ ባዶ። አንድ ቀን ከጀርባው እንዲህ ተጽፎ አገኘች፦ «ደንበኛው ሠራተኛዋ ስትስቅ አይቷል። ቅሬታ የለውም።»

ፊቷ ነደደ። ግን መለሰችለት፦ «ሠራተኛዋ የሳቀችው በጎማው ነው።»

እንዲህ ነው የተለማመዱት። «አንተ» ልትለው አልደፈረችም፤ «እርስዎ» ማለት ደግሞ እየራቀባት ሄደ። ካርዷ ግን ከሁለቱም አዳነቻት። በካርዷ ላይ አንድ ደንበኛና አንዲት ሠራተኛ ነበሩ፤ እነሱ እንዳሻቸው ይባባላሉ፤ እሷና እሱ ደግሞ ባንኮኒው ላይ «ደህና ዋሉ» ተባብለው ይለያያሉ።

በአራተኛው ሳምንት የሐኪሙ እናት መጡ። ክሊኒኩ የሳቸው ነው፤ ክሊኒኩ ያለበት ፎቅም የሳቸው ነው። ንፋስ ለማስሞላት ነው ያሉት፤ የመኪናቸው ንፋስ ግን ሙሉ ነበር። ሳይወርዱ መስታወቱን እስከ ግማሽ ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ እዚህ ይመላለሳል አሉ» አሉ ለአባቷ፣ በትሕትና። «የምናገረው ለእርስዎ ልጅ ብዬ ነው። ፒያኖ ተገዛለት፤ ሦስት ወር። ፈረስ ግልቢያ ጀመረ፤ ሦስት ወር። አሁን ደግሞ ሞተር። ልቡ ደግ ነው። ግን ምንም ነገር እስኪደርስ አይጠብቅም።»

የመጨረሻዋን ቃል ረገጥ አድርገው፣ «ብ» ላይ ቆም ብለው ነው ያሏት።

«እኛ የምንሸጠው ጎማ ነው፣ እትዬ» አሉ አባቷ። «ጎማው ደግሞ እስከ አሁን በሱ አላማረረም።»

መስታወቱ ተዘጋ። ልጅቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ሁሉንም ሰምታለች። ቃሏ ውስጧ ቀረች፤ ጎማ ውስጥ እንደ ተሰካ ሚስማር። እንዲህ ያለ ሚስማር ካልነቀሉት ንፋስ አያስወጣም፤ ግን አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሶቹ ጎማዎች ተገጠሙ። የአዲስ ጎማ ቆዳ ያንሸራትታልና መቶ ኪሎ ሜትር በዝግታ ነድቶ እንዲያሻሽ፣ ከዚያ ካርዱ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች እያየ ሞተሩን እንዲፈትሽ ነገረችው። የሚቀጥለው እሑድ የጀማሪዎቹ ቀን ነው፤ እሷ ደግሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን የላትም። ካርዷን ከወንበሩ ሥር፣ ከመፍቻዎቹና ከመወልወያው ጨርቅ ጋር አስቀመጠችለት። ከጀርባዋ በእርሳስ የሚታወቀው ጥያቄ ሰፍሯል።

መልሱን ደግሞ አይተነዋል።

* * *

እሑድ ሱቁ የሚከፈተው እስከ ቀትር ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አባቷ መነጽራቸውን ፍለጋ መሳቢያውን አመሱት። አገኙትና ለመሞከር ያህል እጃቸው የገባውን ወረቀት አነበቡ። ጮክ ብለው ማንበብ ልማዳቸው ነው።

«አይጠብቅም» አሉ።

እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ጎማ ትደረድር ነበር። ቀጥ አለች። አባቷ «ብ» ላይ አልቆሙም። አላልተው፣ ነካ አድርገው ነው ያለፏት፤ ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ሰው እንደሚላት።

«ምን አሉ?»

«አይጠብቅም ይላል እኮ።» አሁንም አላልተው። ፊታቸው ግን ተለወጠ። «ዳዶው አይጠብቅም ብሎ ጽፎልሽ ነው ምንም የለውም ያልሽኝ?»

«ዳዶ የሚል… የታለ?»

«ስድስት ይላል እኮ! ስድስተኛው ጥያቄ ምንድን ነው? ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽው?»

ካርዷን ገልብጠው ከዐይኗ ሥር አደረጉላት። የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው። «6. ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ የፊት ጎማው ዘንግ ዳዶ በመፍቻ ሲሞከር ይጠብቃል? መልሱን ከጀርባ ይጻፉ።»

ስድስት ቀኑ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለች መምህሯ ይህንኑ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈው ነበር። «ሰው ሲጠብቅ ‹ብ› ይጠብቃል፤ ብሎን ሲጠብቅ ‹ብ› ይላላል» ብለው ክፍሉን አሳቁት። «ፊደላችን ማጥበቅን አይጽፍም፤ አንባቢው ነው ከልቡ የሚጨምረው።» እሷ በዚያ ትምህርት ፈተና ሙሉ ያገኘች ልጅ ናት። ሐኪሙ ስለ ዳዶ ጻፈላት፤ እሷ ከልቧ ጨምራ ስለ ራሷ አነበበች።

«አባባ» አለች። «ከቃሏ በላይ ያለውን… ጥያቄውን አላዩትም?»

አባቷ ካርዷን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉ። «የምን ጥያቄ? እድፍ ነው ያለው። ከዘይት ጨርቅ ጋር አስቀምጠሽው፣ ተሻሽቶ።»

ረቡዕ ዕለት ዐይኗ ከዚያች ቃል በቀር ሌላ አላየም ነበር። ይሄኛው ከመጀመሪያው ባሰ። አላነበበውም ማለት ነው። እንቢ አላላትም፤ እሺም አላላትም። ምንም አልጠየቀችውም። እሱም ያገኘውን ጉድለት በታማኝነት ጽፎ ሞተሩን ላከላቸው፤ ያጠብቁልኛል ብሎ። እነሱ ደግሞ ትናንት ንፋስ ብቻ ሞልተው ለሾፌሩ አስረክበው፣ መንገድ ያሰናበቱ ያህል እጃቸውን አውለብልበው ሸኙት።

ወደ ሐኪሙ ስልክ ደወለች። ይጠራል። አይነሳም። ደግማ ደወለች።

«ስንት ሰዓት ነው ሜዳ የሚወጡት?» አሉ አባቷ። የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው በሩ ላይ ደርሰዋል።

«አራት ሰዓት።»

ሱቁን ሳይዘጉት ነው የወጡት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

* * *

አሮጌዋ መኪና ከከተማ ወጣች። ልጅቱ አሁንም ትደውላለች፤ ስልኩ አሁንም እዚያው ሆኖ ይጮሃል። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ማንም በሌለበት ሲጮህ ታየት።

«ጎማውን የያዘው ሹካ ጎን ያሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ዘንጉን ለጊዜው ይይዙታል» አሉ አባቷ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። «መንገድ ላይ ያቆዩት ይሆናል። ሜዳ ላይ ግን፣ የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ፍሬኑን ሲጨብጠው…» አልጨረሱትም። «ልጄ፣ አንቺ እኮ ሥራ አትዋሺም። ምን ነክቶሽ ነው?»

ነገረቻቸው። የምትገባበት ጉድጓድ ጠፍቷት፣ ዐይኗን ከመንገዱ ላይ ሳትነቅል፣ ከጥርሱ ጀምራ እስከ እርሳሱ ድረስ ነገረቻቸው። አባቷ ማርሽ ቀየሩ።

«ይሄን ሁሉ በካርድ ነው የተባባላችሁት?»

«በካርድ ነው።»

«እኔ እናትሽን የጠየቅኋት ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ነው። ምን አልክ አለችኝ። ጮህኩ። ምን አልክ አለችኝ። ሦስተኛውን ስጮህ ኮምፕሬሰሩ ቀጥ አለና ሰፈሩ በሙሉ ሰማኝ።» ነዳጁን ረገጡ። «አፍሬ ነበር። ግን በስሕተት አልተሰማሁም።»

ልትስቅ ነበር መሰለኝ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።

* * *

ሜዳው በር ላይ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። መኪናዋ ሳትቆም ወረደች። ከሽቦው አጥር ወዲያ፣ መውጫው መስመር ላይ፣ አሥራ አንድ ሞተሮች ተደርድረው ይንዘፈዘፋሉ። የሁሉም ፊት ተሸፍኗል፤ የሁሉም ልብስ ጥቁር ነው። ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

እሷ ግን ጎማ ታውቃለች። ዐይኗን ዝቅ አደረገችና በጎማዎቹ ላይ አስሮጠችው። ልሙጥ፣ ልሙጥ፣ ያረጀ፣ ልሙጥ፣ ቁልቁል የሚፈስ የውኃ መሄጃ ያለው… ከፊት ሦስተኛው። የመረጠችለት ጎማ ነው።

«እመቤት፣ አይቻልም! ተመለሺ!» ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው የመስመር ጠባቂ እጁን ዘረጋ። ከክንዱ ሥር አለፈች። ባንዲራው ከፍ ብሏል። በሕይወቷ ከክፍል ጀርባ ወንበር እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ፣ በአሥራ አንድ ሞተር ፊት እየጮኸች ሮጠች፤ የራሷን ድምፅ ራሷም አልሰማችውም። ደርሳ የፊት ጎማውን በሁለት እግሯ መሀል አስገብታ መሪውን ጨበጠች።

የሄልሜቱ መስታወት ተከፈተ። ዐይኖቹ ነበሩ።

«አጥፋው!» አለችው። «ሞተሩን አጥፋው፣ አንተ!»

ሞተሩ ቀጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ያለችው የዚያን ቀን ነው፤ ሁለቱም ያኔ ልብ አላሉትም።

ተንበረከከች። በሁለት ጣቷ፣ ያለ መፍቻ፣ ዳዶውን ነካችው። ዞረ። እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። ወደ ራሷ እየሳበች አንድ ሁለቴ ስታዞረው ከዘንጉ ወጥቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። ውስጡን አየችው፤ ጥርስ አልነበረውም፤ ተልጧል።

ከጎን ያሉት ሞተሮች አንድ በአንድ ጠፉ። ጠባቂው ሊቆጣ የከፈተውን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሐኪሙ ከሞተሩ ወርዶ ሄልሜቱን አወለቀ። መዳፏ ላይ ያለውን ብረት አየ፤ የመጀመሪያውን ኩርባ አየ፤ መልሶ ብረቱን አየ።

«ጻፍኩልሽ እኮ» አለ፣ በቀስታ።

«ጻፍክልኝ።»

«ያጠበቃችሁት መስሎኝ…»

«አላጠበቅነውም።»

ከተመልካቾቹ ጥላ ሥር እናቱ እየሮጡ መጡ፤ አንድ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀርቷል። የልጃቸውን ክንድ ያዙ። «ምንድን ነው? ምን ሆነ?»

«ይቺ ልጅ ባትደርስ ኖሮ፣ እትዬ» አለ ጠባቂው፣ ላቡን እየጠረገ፣ «መጀመሪያው ኩርባ ላይ ነበር ጎማው ጥሎት የሚሄደው። አዳነችው።»

እናቱ ወደሷ ዞሩ። ዐይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ጥቁር ዘይት የለበሰ እጇን በሁለት ንጹሕ እጃቸው ያዙት። ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች። ሁሉም ነገር በዚያች ዝምታ ተሸፍኖ፣ እሷም አዳኝ ተብላ ልትቀር ትችል ነበር።

«አላዳንኩትም» አለች። «ልገድለው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

የእናቱ እጅ ላላ።

«አይጠብቅም ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ስለ ዳዶው ነው የጻፈው። እኔ… እሱ አይጠብቅም ብዬ አነበብኩት። እርስዎ እንዳሉት አድርጌ። ከፋኝና ካርዱን ደበቅኩት፤ አባቴ ሲጠይቁኝ ምንም የለውም አልኳቸው። አባቴ አያውቁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቷ እያለከለኩ ደርሰው ከኋላዋ ቆመዋል። እናቱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «እኔ እንዳልኩት?» አሉ። የመኪናው መስታወት፣ ግማሽ ድረስ የወረደው፣ ትዝ አላቸው። አንገታቸውን አቀረቀሩ።

«አልገባኝም» አለ ሐኪሙ። «ማን ነው የማይጠብቀው? ምንን ነው የማልጠብቀው?»

ካርዷን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። «ከላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር።»

እሱ መጀመሪያ እድፉን ብቻ አየ። ከዚያ ካርዷን ወደ ፀሐይ አዞረና አዘነበላት። ቀለሙ ጠፍቷል፤ እርሳሱ የቧጨረው መስመር ግን በወረቀቱ ላይ ቀርቶ ያብለጨልጫል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ገና ጀማሪ ተማሪ፣ አንድ አንድ ቃል ለቀመ።

«ሠራተኛዋ… ለሁለት ዓመት…» አቆመ። ቀና አለ። «ሁለት ዓመት?»

«አዎ።»

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«በሃያ ሦስት ቀን።»

ተልጦ ለወጣው ዳዶ ያልገረጣው ፊቱ አሁን ገረጣ። የቀረውን አነበበ። ለረጅም ጊዜ አነበበው፤ ሦስት ቃል የማትሞላ ጥያቄ ለዚያ ሁሉ ጊዜ አትነበብም። ልጅቱ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። አስፋልቱ ላይ የሌሎች ሰዎች ጎማ የጻፋቸው ጥቁር መስመሮች ነበሩ። አሁን ቢቆጣ ተገቢው ነው ብላ አሰበች። ቢቆጣና ቢሄድ፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ መሆኑ ብቻ ይበቃኛል አለች፤ ይህንንም ከልቧ ነው ያለችው።

«እስክሪብቶ አለህ?» ሲል ሰማችው፤ ጠባቂውን ነው። ጓንቱን አወለቀ። ካርዷን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ከዚያ ሰጣት።

ከራሱ ቃል ሥር አንዲት ሌላ ቃል ተጨምራለች።

«ይጠብቃል።»

አየቻት። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተላቀቀ፤ ግን ፈራችው። አንዴ በተሳሳተ ቃል ሰው ልታጠፋ ነበር። «ይሄ ሁለት ዓይነት ይነበባል» አለች።

«አሁን ገና አወቅኩ» አለ። «አንቺው አንብቢው። ጮክ ብለሽ።»

አሥር ሄልሜት ወደሷ ዞሯል። አባቷ የተላጠውን ዳዶ በፀሐይ እያገላበጡ፣ የማይሰሙ ለመምሰል ይጥራሉ። እናቱ በአንድ እግር ጫማ ቆመዋል፤ ወደሷ አያዩም፤ ግን አልሄዱም።

«ብ» ከንፈር ሳይገጥም አይወጣም። የሚላላውንና የሚጠብቀውን የሚለያቸውም ሌላ ነገር አይደለም፤ ከንፈሮች ተገናኝተው ለአንድ አፍታ ያህል ሳይለያዩ መቆየታቸው ብቻ ነው። ይህን ለፈተና ነበር ያጠናችው። ዛሬ ግን ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዐይኗን ከካርዷ ወደ ዐይኑ አንስታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበች። «ብ» ላይ ስትደርስ ከንፈሮቿ ገጠሙ። ቃሉ ከሚጠይቀው አስበልጣ፣ ልቧ እንዳዘዘ ያህል አቆየቻቸው።